የዳገቱ ጽዋ

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደክሟቸዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይታወቅ። ድካማቸው አንድ ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው ድካም አይደለም። ተኝተው ሲነሱ አብሯቸው የሚነሳ፣ ጫማ ሲያጠልቁ ጎንበስ ሲሉ «አለሁ» የሚል ድካም ነው። ቤታቸው ከየካ ሚካኤል ተነስቶ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ወደ እንጦጦ ጫፍ በሚወጣው የድሮ የበቅሎ መንገድ ላይ፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ጋ ነው። መንገዱን ዛሬ መንገድ ብሎ መጥራት ያሳፍራል። ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል፣ በጋ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ይወርዱበታል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሯጮች እያለከለኩ ይወጡበታል። መኪና አይደርስም። የቧንቧ ውሃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ ሲጠፋ በጄሪካን ከታች ማምጣት ነው።

ልጃቸው ሀይማኖት ሲግናል ጋ ቤት ተከራይታ አንዱን ክፍል ለእሳቸው አዘጋጅታለች። አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃል።

«እማዬ፣ ግራውንድ እኮ ነው፤ ደረጃ እንኳ የለውም። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትላለች ስልክ በደወለች ቁጥር።

«ጽዋዬን ሳላስረክብ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ለማን ነው የምታስረክቢው? ማን አለና?»

ሀይማኖት እውነቷን ነው። ማንም አልነበረም።

ጽዋው የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ነው፤ አንገቱ ላይ ትንሽ የተሸረፈ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሸክላ። ማኅበሩን ያቆሙት ይህን ዳገት ያቀኑት ሰዎች ናቸው። አገር ያቀና ሲባል ጋሻና ጦር የያዘ ሰው የሚታየው ካለ ይተወው። የዚህ ዳገት አቅኚ የወይዘሮ የማርያምወርቅ አያት አለኸኝ ናቸው፤ የአንድ ሲራራ ነጋዴ ጭነት ነጂ ነበሩ። አንድ ክረምት ከሰላሌ ማርና ቅቤ ጭነው ሲወርዱ መታጠፊያው ላይ የአንደኛዋ በቅሎ እግር ተሰበረ። ነጋዴው «አንተ ጭነቱን ጠብቅ፣ እኔ ሌላ በቅሎ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ወረደ። አለኸኝ ጠበቁ። ዝናቡ ሲበረታ ጭነቱ ላይ ዳስ ጣሉ፤ ብርዱ ሲበረታ ዳሱን በጭቃ መረጉት። ነጋዴው ይሙት፣ ይክዳ፣ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ቅቤው ሳይበላሽ ለመንገደኛ ተሸጠ፣ ማሩ ጠጅ ሆነ፣ ጠጁ ሰው ሰበሰበ፣ ሚስት መጣች፣ ልጅ ተወለደ፤ ቀሩ። አገር ማቅናት ማለት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲጠብቁ መቅረት።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎች መጡ። አንዲት ጠላ ሻጭ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ጎጆ ቀለሰች። ኮርቻ የሚጠግን ሰው ጎኗ ሰፈረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ሰባት ቤት ሆነና ሰባቱ ቤቶች ጽዋ ጀመሩ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት አንዱ ቤት ይደግሳል። በዚያ ቀን በመንገዱ የሚያልፍ መንገደኛ ካለ፣ ዘመድ ሆነ ባዳ፣ ዳቦው መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእሱ ነው። ሌላው ሕግ ደግሞ ጽዋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ደጋሹ ጽዋውን በነጠላው አቅፎ፣ ማኅበርተኛው እልል እያለ ተከትሎት፣ ከፍ ብሎ ላለው ቤት ያስረክባል። ከሁሉ በላይ ካለው ቤት ሲደርስ ብቻ ወደ ግርጌው ተመልሶ እንደገና መውጣት ይጀምራል። አለኸኝ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲጠየቁ «ወደ ታችማ ሰው ጠሪ አይፈልግም» ይሉ ነበር አሉ።

ሰባቱ ቤት አንድ በአንድ ተበተነ። አንዱ ተሸጠ፣ ሌላው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወረደ፣ የሌላው ሽማግሌ ሞተው ልጆቹ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ጽዋው ለመጨረሻ ጊዜ ዳገቱን ወጥቶ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እጅ ሲገባ ከግርጌ የሚቀበል ቤት ጠፋ። «ለአንድ ወር ብቻ ልያዘው» አሉ። ያ አንድ ወር ስንት ዓመት እንደሆነው መቁጠሩን ትተውታል።

ጽዋ ደግሞ እንደ ሌላ ዕቃ ቁም ሣጥን ላይ አይረሳም። አንድ ቀን ምርር ሲላቸው ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ሕሩይ «አባቴ፣ እርስዎ ይውሰዱልኝና ልረፍ» ብለው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ጸሎቱን አደርሳለሁ እንጂ ጽዋውን አልወስድም። ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ነው» አሏቸው።

ስለዚህ በየወሩ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ብቅል ያሰጣሉ፣ ይጠነስሳሉ፣ ዳቦ ይደፋሉ። ማኅበርተኛ የለም። ቄስ ሕሩይ ባርከው፣ ቀምሰው ይወርዳሉ። የቀረውን የሚበሉት እንጨት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ሸክማቸውን አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ከደጅ ቆመው ይቀበላሉ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን ይህን ማኅበር ብለው አያውቁም። ማኅበር ለእሳቸው የሰባቱ ቤት ዘር ነው፤ ሌላው የድግስ ትራፊ የሚደርሰው የእግዜር እንግዳ ነው።

ከተሸካሚዎቹ አንዷን፣ ሰኚን፣ አይወዷትም። ባለፈው ክረምት እሷና ባሏ ከእሳቸው አጥር በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ላስቲክ ወጥረው የጨረቃ ቤት ሠርተው አደሩ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጠዋት ሲነሱ ከጣሪያቸው በላይ ጭስ አዩ። ከአያታቸው ጀምሮ ከእነሱ ቤት በላይ ጭስ ወጥቶ አያውቅም። ደማቸው ፈላ። በማግስቱ ሰኚ መጥረቢያ ልትዋስ መጣች።

«የለኝም» አሏት።

መጥረቢያው በሩ ሥር ተደግፎ ነበር። ሰኚ አየችው፣ አንገቷን ሰበረች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በወር አንዴ፣ ዳቦ ሲሰጥና ሲቀበል ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ጠዋት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጄሪካን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት አቃታቸው። እንደምንም ደጃፉ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። የሞተ የለ፣ የታመመ የለ፤ ውሃ መሸከም ስለሰለቻቸው ብቻ አለቀሱ። የኅዳር ሚካኤል እየመጣ ነው። «ይህን ድግስ ሌላ ሰው ካልደገሰልኝ እኔ የለሁም» አሉ ለራሳቸው። ዕንባቸውን ጠርገው፣ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

መጀመሪያ የሄዱት ሾላ ገበያ፣ አካሉ ዘንድ ነው። አካሉ የዚያች ጠላ ሻጭ የልጅ ልጅ ነው፤ በርበሬና ቅመማ ቅመም ይነግዳል። ሲያያቸው ከመደብሩ ዘሎ ወጣ።

«እትዬ! በሞቴ ይቀመጡ!» ብሎ የበርበሬ ጆንያ ላይ አስቀመጣቸው። አስነጠሳቸው። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ጽዋውን ሲያሳዩት የአካሉ ፈገግታ ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሊፍት የለው። ሽንኩርት ሳቁላላ እንኳ ጎረቤቴ በሩን ይደበድባል፤ ጠላ ብጠምቅማ ለፖሊስ ነው የሚደውለው።»

«ታዲያ ለማን ልስጠው፣ አካልዬ?»

«ለምን ይሰጡታል?» አለ፣ ጥሩ ሐሳብ እንደመጣለት ሰው ዓይኑ እየበራ። «ቴሌግራም ግሩፕ እንከፍታለን። የሰባቱ ቤት ልጆች ካለንበት እንገባለን። ሁላችንም እናዋጣለን፤ እርስዎ እዚያው ላይ ይደግሱልናል፣ ፎቶ አንስተው ይለጥፉልናል። አለቀ!»

«ዳቦውን በፎቶ ልትጎርሱት ነው?»

አካሉ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ሊሄዱ ሲነሱ ኮረሪማ በላስቲክ ቋጥሮ አስያዛቸው፤ «ለድግሱ» ብሎ። ሸክም ሊያራግፉ ወርደው ኮረሪማ ተጨመረባቸው።

ከዚያ ወደ ሲግናል ሄዱ። ጌድዮን እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል። አባቱ የማኅበሩ የመጨረሻ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ ነበሩ። ልጁ ግን ጴንጤ ነው፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይህን ሲናገሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱ ዘንድ መሄድ አልፈለጉም ነበር። አማራጭ ሲያጣ ግን ሰው ወደማይሄድበትም ይሄዳል።

ጌድዮን ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው፣ የመጡበትን ጉዳይ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«እማማ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከእናቴ ጎን ያልተነሱት እርስዎ ነዎት። እምቢ ስልዎት ሆዴ ይባባል» አለ። «ግን ብቀበልዎት እርስዎንም ዋሸሁ፣ ራሴንም ዋሸሁ። በማላምንበት ነገር እግዚአብሔር ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከፋቸው። ቢሆንም ጠዋት ከሰሙት ሁሉ ይህ ቀጥ ያለ ቃል ነው፤ በዚህ ተከበሩ እንጂ አልተናቁም።

«አባቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ ዳገቱን ሲወጣ ትዝ ይለኛል» አለ ጌድዮን ሊሸኛቸው ሲወጣ። «‹ከፍ ብሎ ላለው ቤት፣ ከፍ ብሎ ላለው ቤት› እያለ ነበር የሚወጣው። እርስዎ ዛሬ ለምን ወደ ታች ይዘውት መጡ? ከእርስዎ በላይ ሰው የለም እንዴ?»

«ከእኔ በላይ ጅብና ባሕር ዛፍ ነው» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ከበዳቸው፤ እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉና።

የልጃቸው ቤት ከጌድዮን ሱቅ እልፍ ብሎ ነው። አልገቡም። አልጋውን ካዩት እንደሚተኙ፣ ከተኙ ደግሞ እንደማይነሱ ያውቃሉ። ታክሲ ይዘው የካ ሚካኤል ወረዱ፣ ከግቢው አጥር ተሳልመው ዳገቱን ተያያዙት። ግማሹን እንኳ ሳይወጡ ደከሙ። የኮርቻ ጠጋኙ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ተቀመጡ። መነሳት ግን አቃታቸው። «እዚህ ብሞት ጽዋውን ማን ያነሳዋል?» የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚመላለሰው።

እንጨታቸውን ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እያወሩ አለፉ። ከኋላ ለብቻዋ ሰኚ መጣች። አየቻቸውና ቆመች።

«እማማ፣ ምነው?»

«ምንም አልሆንኩ። ሂጂ።»

ሰኚ አልሄደችም። ፊታቸውን አየች፣ ዱላቸውን አየች፣ ዳገቱን ቀና ብላ አየች።

«ዕቃውን ልያዝልዎት።»

«እንዳትነኪው! የማኅበር ጽዋ ነው። ያልተረከበ ሰው አይነካውም።»

«እሺ፤ እሱን እርስዎ ይያዙት። እኔ እርስዎን ልያዝ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች።

«አብደሻል እንዴ?»

«ከእንጨት ይቀላሉ፣ እማማ። እንጨት ደግሞ አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሞተው ይገኛሉ እንጂ እሺ አይሉም ነበር። ዛሬ ግን እምቢ ለማለትም አቅም ያስፈልጋል። ጽዋውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ጀርባዋ ላይ ተለጠፉ። ሰኚ ገመዷን ከታች አዙራ ደህና አድርጋ አሠረቻቸውና ተነሳች።

ሸክም የለመደ ሰው ፊት ለፊቱን እያየ አይሄድም። አንገቱን ደፍቶ እግሩ የሚረግጠውን ድንጋይ ብቻ ያያል፤ ቀና ካለ ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥለዋል። ሰኚም እንደ ለመደችው አንገቷን ደፋች። እግሯ በዚህ ሰዓት የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፤ የራሷን ቤት መንገድ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደግሞ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ የሰኚ ጀርባ ሞቃቸው፣ ከዚያ ጉንጫቸው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። በዚህ ሁኔታ በራቸውን ሲያልፉ ተሸካሚዋም አላየች፣ የታዘሉትም አላዩ።

የነቁት ሰኚ ስትጮህ ነው።

«ውይ እማማ! ውይ በሞትኩት! በርዎን አልፌ መጣሁ እኮ!»

ላስቲክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ናቸው። ሰኚ ቀስ አድርጋ አወረደቻቸውና ግንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ዓይናቸውን አሻሽተው ወደ ታች ሲያዩ አንድ የዛገ ጣሪያ አዩ። እዚህም እዚያም በድንጋይ ተጭኗል። የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከሥሩ ኖረው ከላይ አይተውት አያውቁም። የላይኛው ቤት፣ የላይኛው ቤት ሲባል የኖረው ቤት ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

የሰኚ ባል በዱላ ተደግፎ ከውስጥ ብቅ አለ፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ሰላም ብሎ ጎንበስ አለና ሊቀመጥ ሲቸገር ሰኚ ክንዱን ያዘችው።

«እዚህ ማን ስፈሩ አላችሁ?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። ሊቆጡ ነበር ያሰቡት፤ ድምፃቸው ግን አልተቆጣም።

«ማንም አላለን» አለች ሰኚ። «ከሰላሌ ሥራ ፍለጋ መጣን። ግንድ ሲጥል እግሩ ላይ ወደቀበት። እስኪሻለው ብለን እዚሁ ላስቲክ ወጠርን። ዝናቡ ሲበረታ ቆርቆሮ ጨመርንበት። ይኸው ቀረን።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የዛገውን ጣሪያቸውን መልሰው አዩት። ይህን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ የጎደለችው በቅሎዋ ብቻ ናት።

«መጥረቢያው ነበረኝ» አሉ።

«አይቼዋለሁ» አለች ሰኚ።

«ክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ሚካኤል።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጽዋውን ከነጠላቸው ውስጥ አወጡት። ለዚህ ቀን ሲሉ ስንት ቃል አዘጋጅተው ነበር፤ አሁን አንዱም አልመጣላቸውም።

«ወለተ ሚካኤል፣ ይህን ትቀበይኛለሽ? አልዋሽሽም፣ ያደክማል። እኔን እንዴት እንዳደረገኝ አይተሻል።»

ሰኚ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። መልሳ ደግሞ ጠረገች። ባሏን አየችው።

«እማማ፣ ቤቱ እኮ የጨረቃ ቤት ነው። ነገ መጥተው ሊያፈርሱት ይችላሉ።»

«ይችላሉ። እስኪያፈርሱት ግን ቤት ነው።»

«ከዚያ ለማን ነው የማስረክበው?»

«ከፍ ብሎ ላለው ቤት።»

«ከእኔ በላይ እኮ ማንም የለም!»

«እኔም እንዲሁ ስል ነበር» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። ሰኚ ሁለት እጇን ዘረጋች። እልል የሚል አልነበረም። የአካሉን ኮረሪማም ጨምረው ሰጧት፤ በማግስቱም መጥረቢያው ዳገቱን ወጣ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከተማው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጭሱ ከሾላ እስከ ሲግናል ተጋድሞ ዋለ። ላይ ግን አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ቄስ ሕሩይ «ደግሞ ከዚህም በላይ ወጣችሁብኝ!» እያሉ በዱላቸው እየተደገፉ ደረሱ። ተሸካሚዎቹ ሁሉ መጥተዋል፤ ዛሬ ደጅ የቆመ የለም፣ ግንድ ላይም ድንጋይ ላይም ተቀምጠዋል። ጠላውን ሰኚ ጠምቃዋለች፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንዴት እንደሚጠመቅ ተቀምጠው በአፍ ነገሯት እንጂ አንድ እንስራ አላነሱም። አካሉ ፎቶ ይላክልኝ ብሎ ሁለቴ ደውሏል። ሀይማኖት የእናቷን ልብስ በሻንጣ ቋጥራ፣ መኪና ታች አቁማ፣ ልትወስዳቸው መጥታለች።

ቄስ ሕሩይ ዳቦውን ባረኩት። ሰኚ ቢላዋውን አንስታ ዞር ዞር ብላ ተመለከተች። የመጀመሪያው ቁራሽ የመንገደኛ ነው፤ ሕጉን ነግረዋታል። ሰዉ ሁሉ ግን የዳገቱ ሰው ነው። ከዚያ ሻንጣው ላይ ዓይኗ አረፈ። ቆረሰችና ለወይዘሮ የማርያምወርቅ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ዛሬ መንገደኛዋ እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተቀበሏት። ለሌላው ሲቆርሱ ኖረው፣ እሳቸው ተቀምጠው ከተቆረሰላቸው ስንት ዘመን ሆነ! ዕንባቸው መጣ፣ አልጠረጉትም። አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ጀርባቸውን ቆርቆሮው ላይ አስደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሐይዋ ጉልበታቸው ላይ ነበረች።

ሀይማኖት ልትቀሰቅሳቸው ተነሳች። «መኪናው ይጠብቀናል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ይጠብቅ። ተያት ትተኛ» አሉ ቄስ ሕሩይ።

ሰኚ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላቸው። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መብላቱን ቀጠለ። ወይዘሮ የማርያምወርቅም ቁራሹን እንደያዙ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተኙ።